በእጅ ካሉ ፊደሎች የእንግሊዝኛ ቃል አፈላለግ

ስክራብል በሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል መሥሪያ ጨዋታ ሰባት ባለፊደል ጠጠር ከፊት ተደርድሯል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ቃሉ ግን አልመጣም። ወይም ስልክ ላይ ወርድል የሚባለው የቃል ግምት ጨዋታ ተከፍቶ ሦስት ፊደል ታውቋል፣ ሁለቱ ጠፍተዋል። አብዛኛው ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ፊደሎቹ ላይ አፍጦ በልቡ ድምፅ ማውጣት ነው። አፉን በአማርኛ የፈታ ሰው ደግሞ በተለይ እዚህ ላይ ይሸወዳል። የእኛ ፊደል የተሰማውን ይጽፋል፤ እንደ ሀ፣ ሐ እና ኀ ያሉ ተመሳሳይ ድምፆች ቢያስቸግሩም ችግሩ ከዚያ ብዙም አያልፍም። እንግሊዝኛ ግን ሌላ ዓለም ነው። «ናይፍ» ብሎ የሚያስብ ሰው በኤን የሚጀምር ቃል ሲያስስ ይውላል፤ ቃሉ የሚጀምረው በኬ ነው። «ፎን» ውስጥ ኤፍ የለም። «ናይት» ውስጥ ጂ እና ኤች አድፍጠዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዓይን ሥራ ነው፤ ጆሮ የሚጠየቀው ቃሉ ከተገኘ በኋላ ነው።

ቃላቱን በፊደል ስማቸው እየዘረዘርን ስለምንጽፍ እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ በእንግሊዝኛ እየገለበጣችሁ ተከተሉ። ኤ የመጀመሪያዋ ፊደል ናት፣ ኢ አምስተኛዋ፣ አይ ዘጠነኛዋ። እነዚህ ሦስቱ ከሁሉ በላይ ይምታታሉ፤ በስልክ ፊደል የተቀባበለ ሰው ያውቀዋል።

መጀመሪያ ጥያቄው የትኛው እንደሆነ ለዩ

«እነዚህ ፊደሎች ያሉበት ቃል» የሚለው ጥያቄ አራት ዓይነት ነው፤ መንገዱም ለየብቻ ነው።

በስክራብል፣ በእጃችሁና በሰሌዳው ላይ ባሉት ፊደሎች ብቻ፣ እያንዳንዱን ጠጠር አንድ ጊዜ ብቻ ትጠቀማላችሁ። ስፔሊንግ ቢ የተባለው የኒውዮርክ ታይምስ ጨዋታ የሚሰጣችሁ ሰባት ፊደል ነው፤ ሌላ ፊደል አይገባም፣ ያሉት ግን የፈለጋችሁትን ያህል ይደጋገማሉ፣ የመሀሉ ፊደል የግድ መኖር አለበት፣ ቃሉም ከአራት ፊደል አያንስም። ከቢ፣ ከኤ እና ከኤን ብቻ «ባናና» የሚወጣው በዚህኛው ነው፤ በስክራብል ግን ሦስት ኤ እና ሁለት ኤን በእጅ ከሌለ አይወጣም። በወርድልና በመስቀለኛ ቃላት ቦታው ታውቆ ፊደሉ የጎደለበትን ቃል ትፈልጋላችሁ። አራተኛው፣ የተሰጡት ፊደሎች በሙሉ ይኑሩበት እንጂ ሌላ ፊደል ቢጨመር ግድ የሌለበት ነው። ይኼ በአእምሮ አይሞከርም፤ የኮምፒውተር ሥራ ስለሆነ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በወረቀት፦ ሰባት ፊደል፣ ሦስት ቃል

ሰባት የተለያዩ ፊደሎች በ5,040 መንገድ ይደረደራሉ። አንድ በአንድ እሞክራለሁ ያለ ሰው ይመሽበታል። የሚሠራው ዘዴ ፊደሎቹን በቁርጥራጭ መውሰድ ነው። ምሳሌያችን እነዚህ ይሁኑ፦ ቲ፣ ጂ፣ ኤ፣ አር፣ አይ፣ ኤን፣ ኢ።

1. ፊደሎቹን በመስመር ሳይሆን በክብ ጻፉ። በመስመር ከጻፋችኋቸው ዓይናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ቃል ያነባቸዋል፣ ከዚያ ቅደም ተከተል መውጣትም ያቅተዋል። ክብ ላይ መጀመሪያም መጨረሻም የለም።

2. አናባቢና ተነባቢውን ቁጠሩ። እዚህ ሦስት አናባቢ፣ አራት ተነባቢ አለ፤ ለረጅም ቃል ከዚህ የተሻለ ሚዛን አይገኝም። በእንግሊዝኛው ስክራብል ከረጢት ውስጥ ካሉት 98 ባለፊደል ጠጠሮች 42ቱ አናባቢ ናቸው፤ ሁለት ባዶ ሲጨመርበት መቶ ይሞላል። አምስት አናባቢ ይዛችሁ ከሆነ ሰባት ፊደል ያለው ቃል ስትፈልጉ ጊዜ አታባክኑ፤ አናባቢ የሚያራግፍ አጭር ቃል ጣሉ። ዋይ ሁለቱንም እንደምትሆን አትርሱ፤ አናባቢ ሲጠፋ ታወጣለች።

3. የመጨረሻ ቅጥያ አውጡ። አይ-ኤን-ጂ፣ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኢ-ኤስ-ቲ፣ ኤል-ዋይ፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤን፣ ኤ-ቢ-ኤል-ኢ፣ ኦ-ዩ-ኤስ፣ ኤም-ኢ-ኤን-ቲ፣ አይ-ቲ-ኢ እያላችሁ በእጃችሁ ያለውን ወደ ጎን ገለል አድርጉ። ከምሳሌያችን አይ-ኤን-ጂን ስናነሳ የሚቀረው ኤ፣ ኢ፣ አር፣ ቲ ነው። አሁን የሚፈለገው ባለ አራት ፊደል ቃል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ከአራቱ ፊደል ቶሎ የሚታየው «ሬት» ነው፣ አር-ኤ-ቲ-ኢ። አይ-ኤን-ጂ ስትቀጥሉበት «ሬቲንግ» ይሆናል፤ ጆሮ ይደሰታል። ግን አይ-ኤን-ጂ ሲመጣ የመጨረሻዋ ኢ ስለምትወድቅ ቃሉ ስድስት ፊደል ብቻ ሆኖ ኢ በእጃችሁ ይቀራል። በኢ የማያልቅ ሥር ስትፈልጉ ቲ-ኢ-ኤ-አር ይገኛል፤ «መቅደድ»። ቲ-ኢ-ኤ-አር-አይ-ኤን-ጂ፣ ሰባቱም ገቡ። በስክራብል ሰባቱን ጠጠር በአንድ ጊዜ የጣለ ተጫዋች ከቃሉ ነጥብ ላይ 50 ይጨመርለታል።

4. ቅጥያውን መልሱና ሌላ ሞክሩ። አይ-ቲ-ኢን ስታነሱ ጂ፣ ኤ፣ አር፣ ኤን ይቀራሉ። ጂ-አር-ኤ-ኤን ብላችሁ ስትደረድሯቸው «ግራናይት» ወጣ፦ ጂ-አር-ኤ-ኤን-አይ-ቲ-ኢ። በጆሮ የሚፈልግ ሰው ይህን በቀላሉ አያገኝም፤ «ናይት» የሚለው ድምፅ ወደ ጂ-ኤች ይወስደዋል።

5. አሁን ከፊት ሞክሩ። አር-ኢ፣ ዩ-ኤን፣ አይ-ኤን፣ ዲ-ኢ፣ ኦ-ዩ-ቲ፣ ኤም-አይ-ኤስ እና ፒ-አር-ኢ ዋናዎቹ መነሻዎች ናቸው። አይ-ኤንን ከፊት ስናስቀምጥ የሚቀሩት አምስቱ ጂ-አር-ኤ-ቲ-ኢ ይሆናሉ፤ ሲገጣጠም «ኢንግሬት»፣ ውለታ ቢስ።

6. መልሳችሁ ቁጠሩ። ያገኛችሁትን ቃል ፊደል በፊደል ከክቡ ላይ እየሰረዛችሁ አረጋግጡ። ያልነበረ ፊደል የሚገባው ወይም አንድ ብቻ ያለው ሁለት ጊዜ የሚገባው እዚህ ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

ኢ-አር የሚለው ቅጥያ በተለይ ውሸታም ነው። ከዚሁ ምሳሌ ኢ-አርን ብታነሱ ጂ-አይ-ኤ-ኤን-ቲ፣ ግዙፍ፣ ይቀራል፤ «ጃያንተር» ብሎ መጣል ያምራል፣ ቃሉ ግን የለም። ተጋጣሚያችሁ ከተቃወመ ጠጠራችሁን አንስታችሁ ተራችሁን ታጣላችሁ።

ቅጥያም መነሻም እምቢ ካለ ጥንዶች ፈልጉ፦ ቲ-ኤች፣ ሲ-ኤች፣ ኤስ-ኤች፣ ፒ-ኤች፣ ሲ-ኬ፣ ጂ-ኤች፣ ኤስ-ቲ፣ ቲ-አር፣ ኤን-ዲ። ኤች በእጃችሁ ካለች ከማን ጋር እንደምትጣመር መጀመሪያ ወስኑ፤ ብዙ ጊዜ በጥንድ ትመጣለች። ከዚያ በተረፈ አጭር ቃል ይዛችሁ ከፊቱ ፊደል ቀጥሉ። ኤ-አር-ቲ፣ ሥነ ጥበብ፣ ከፊቱ ሲ፣ ዲ፣ ኤች፣ ኬ፣ ኤም፣ ፒ፣ ቲ ወይም ደብልዩ ቢመጣ ሁሉም ቃል ይሆናል፤ ከኋላው ኤስ ወይም ዋይም ይቀበላል። ኤስ በከረጢቱ ውስጥ አራት ብቻ ስለሆነች ለሁለትና ለሦስት ነጥብ አታባክኗት።

አንድ ሥር፣ ብዙ ቃል

አሁን የሠራንባቸውን ሰባት ፊደሎች ልብ ብላችሁ እዩ። ጂን ብታነሱ የቀሩት ስድስቱ «ሬቲና» ይሆናሉ፣ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን፦ አር-ኢ-ቲ-አይ-ኤን-ኤ። ስክራብል በቁም ነገር የሚጫወቱ ሰዎች እንዲህ ያሉ ስድስት ፊደሎችን ሰብስበው ይይዛሉ፤ ሰባተኛ ሆነው ከሚመጡት ፊደሎች ብዙዎቹ ሊገጥሙ ስለሚችሉ። ከሬቲና ጋር ሲ ብትመጣ ሲ-ኢ-አር-ቲ-ኤ-አይ-ኤን፣ «እርግጠኛ»። ፒ ብትመጣ «ፔይንተር» ወይም «ሪፔይንት»፤ ዲ ብትመጣ «ትሬይንድ»፤ አር ብትመጣ «ትሬይነር» ወይም «ተሬይን»፤ ኤም ብትመጣ የመስጊዱ ሚናሬት፤ ኬ ብትመጣ ፀጉርና ጥፍር የሚሠሩበት ኬራቲን፤ ኤች ብትመጣ «ሄርኔት»፣ የፀጉር መረብ። ኤስ ብትመጣ «ሪቴይንስ» እና «ናስቲየር»።

እነዚህን ለመያዝ የሚረዳው መላ ፊደሎቹን ሁልጊዜ በኤ-ቢ-ሲ ተራ ደርድሮ ማጥናት ነው። ኤ-ሲ-ኢ-አይ-ኤን-አር-ቲ የሚለውን ተራ ከ«ሰርተን» ጋር አንድ ጊዜ ካያያዛችሁ፣ ጠጠሮቹ በእጃችሁ በምንም ቅደም ተከተል ቢመጡ በተራ ስታስቀምጧቸው ቃሉ ይጠራችኋል። ክቡ ለማያውቁት ቃል ነው፤ ተራው ላጠኑት።

ሌላው መጠናት ያለበት የሁለት ፊደል ቃላት ዝርዝር ነው። ለስክራብል ዳኝነት በሚያገለግለው በሰሜን አሜሪካው የቃላት ዝርዝር 107 አሉ፣ እንግሊዝን ጨምሮ ሌላው ዓለም በሚጠቀምበት በኮሊንሱ 127። ሁሉንም በአንድ ቀን አትጀምሩ። ኪው-አይ፣ ዜድ-ኤ፣ ጄ-ኦ፣ ኤክስ-አይ፣ ኤ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ፣ ኬ-ኤ፤ ውድ ፊደል የያዙት ይቅደሙ።

ኪው ያለ ዩ፣ እና የእኛው ቃላት

ኪው አሥር ነጥብ ናት፤ ዩ ከሌለ ግን ብዙ ሰው እስከ ጨዋታው መጨረሻ ታቅፏት ይቀመጣል። ያለ ዩ ከሚሠሩት ውስጥ ኪው-አይ አለች፣ 11 ነጥብ። ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር እና ኤን-አይ-ኪው-ኤ-ቢ አሉ፤ ፋቂርና ኒቃብ። ሌላው ደግሞ ኪው-ኤ-ቲ ነው፣ የእኛው ጫት፣ 12 ነጥብ። ጫት በእንግሊዝኛ ዝርዝር ውስጥ ኬ-ኤ-ቲ እና ኬ-ኤች-ኤ-ቲ ተብሎም ስለሚገኝ በእጃችሁ ባለው ፊደል ትመርጣላችሁ።

አማርኛ አንባቢ ከሌላው ተጫዋች የሚበልጥባቸው ቃላት እነዚህ ናቸው፤ ለሌላው ሰው እንግዳ፣ ለእኛ የዕለት ተዕለት። ጤፍ በአንድ ኤፍም በሁለት ኤፍም ያልፋል፦ ቲ-ኢ-ኤፍ፣ ቲ-ኢ-ኤፍ-ኤፍ። ራስ፣ አር-ኤ-ኤስ። ንጉሥ፣ ኤን-ኢ-ጂ-ዩ-ኤስ። ኒያላ፣ ኤን-ዋይ-ኤ-ኤል-ኤ። ጭላዳ ዝንጀሮ፣ ጂ-ኢ-ኤል-ኤ-ዲ-ኤ። እንጀራ በኮሊንሱ ውስጥ አይ-ኤን-ጄ-ኢ-አር-ኤ ሆኖ ይገኛል፤ ጄ ስምንት ነጥብ ስለሆነች በድምሩ 13 ያወጣል። ቢ-አይ-አር-አር ደግሞ ብር ነው። ለብዙ ቁጥሩ ኤስ መቀጠል ይቻላል፤ ከዚያ የሚጥመው ግን ስምንት ፊደል ያለው ቢ-አይ-አር-አር-ኦ-ቲ-ሲ-ኤች ነው፦ «ብሮች»፣ ከነአማርኛ ቅጥያው ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ። ይህን የማያውቅ ተጋጣሚ ይቃወማል፣ ተራውንም ሊያጣበት ይችላል።

ቦታው የታወቀ ቃል፦ ወርድል

ወርድል አምስት ፊደል ያለው ቃል በስድስት ሙከራ ነው። አረንጓዴ ፊደሉም ቦታውም ልክ ነው ማለት ነው። ቢጫ ሁለት ነገር ይናገራል፦ ፊደሉ አለ፣ እዚህ ቦታ ግን አይደለም። ሁለተኛውን የሚረሳ ሰው ቢጫዋን ፊደል እዚያው ቦታ ይደግማታል፣ አንድ ሙከራም ይቃጠላል። ወረቀት ላይ አምስት ሰረዝ አስምሩና ከእያንዳንዱ ሰረዝ በታች እዚያ የማይገቡትን ፊደሎች ጻፉ።

ግራጫ ሁልጊዜ «የለም» ማለት አይደለም። ሁለት ኢ ያለው ቃል ሞክራችሁ መልሱ ውስጥ አንድ ኢ ብቻ ካለ፣ አንዷ ቀለም ታገኛለች፣ ሌላዋ ግራጫ ትሆናለች። ይህን የሚያሳየው ሁለተኛ ኢ እንደሌለ ብቻ ነው።

ትልቁ ወጥመድ አራት ፊደል አረንጓዴ ሆኖ የመጀመሪያው ሲጠፋ ነው። መጨረሻው አይ-ጂ-ኤች-ቲ ከሆነ ከፊት ኢ፣ ኤፍ፣ ኤል፣ ኤም፣ ኤን፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ እና ደብልዩ ሁሉም ይገባሉ፤ ዘጠኝ ቃል። አንድ በአንድ ከሞከራችሁ ስድስት ሙከራ አይበቃም። ይልቅ ብዙዎቹን በአንድ ላይ የሚፈትን ሌላ ቃል ጣሉ፦ ኤፍ-ኢ-አር-ኤን-ኤስ። አምስቱንም በአንድ ሙከራ ትፈትናላችሁ፤ አንዷ ቀለም ካገኘች መልሱ ታወቀ፣ ሁሉም ግራጫ ከሆኑ የሚቀሩት አራት ናቸው። ሃርድ ሞድ የከፈተ ሰው ግን ይህን ማድረግ አይችልም፤ የተገኘውን ፊደል እንዲደግም ይገደዳል።

በኢንተርኔት መዝገበ ቃላት

ዋንሉክ የሚባለው ነፃ የመዝገበ ቃላት መፈለጊያ ድረ ገጽ በምልክት መፈለግ ይፈቅዳል። ከሁሉ በፊት የስልካችሁን ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ፤ የአማርኛው ነጠላ ሰረዝ እንደ እንግሊዝኛው ኮማ አይቆጠርም።

ጥያቄ ምልክት ለአንድ ያልታወቀ ፊደል ነው፣ ኮከብ ለማንኛውም ያህል። ኮማ ደግሞ ሁለት ሁኔታዎችን ያጣምራል፤ የአራተኛው ዓይነት ጥያቄ መልስ ይኼው ነው። ኪውም ዜድም ያሉበት ባለ ሰባት ፊደል ቃል ስትፈልጉ እንዲህ ጻፉ፣ በፊደል ስሙ ፈንታ ራሱን ፊደሉን እየተካችሁ፦

???????,*ኪው*,*ዜድ*

ኤስ-ኪው-ዩ-ኢ-ኢ-ዜድ-ኢ፣ «መጭመቅ»፣ ከሚመጡት አንዱ ነው። አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ እንዲኖር ከፈለጋችሁ *ኢ*ኢ* በሉ። ከመጨረሻው የመቀነስ ምልክትና ፊደሎች ስትጨምሩ እነዚያ የሌሉባቸው ብቻ ይመጣሉ፤ ለወርድል ግራጫዎች ይሆናል። የመደመር ምልክት ከሆነ በተቃራኒው በእነዚያ ፊደሎች ብቻ የተሠሩትን ያመጣል፤ ስፔሊንግ ቢ የሚፈልገው ይህ ነው። ፊደሎቹን በሁለት ሁለት እዝባር መካከል ስታስገቡ // // ደግሞ ቅደም ተከተላቸውን እየቀያየረ ቃል ያወጣል። ውጤቱ የሰው ስም፣ ምህጻረ ቃልና ሐረግም ስለሚቀላቅል ለስክራብል እንዳለ አትውሰዱት።

በኤክሴል፣ በራሳችሁ ዝርዝር

ኢንተርኔት በሌለበት ወይም ደጋግማችሁ የምትፈልጉ ከሆነ የራሳችሁ ዝርዝር ይሻላል። ኢኔብል የሚባለው የቃላት ዝርዝር ለማንም ነፃ ነው፤ ከ172,000 በላይ ቃል አለው፣ በኤክሴል አንድ ገጽ ላይ ይበቃል።

ከመለጠፋችሁ በፊት የመጀመሪያውን ዓምድ ዓይነት ወደ «ቴክስት» ቀይሩ። ካልቀየራችሁ ኤክሴል «ትሩ» እና «ፎልስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ ስሌት ዋጋ ይወስዳቸዋል፣ ፍለጋችሁም አያገኛቸውም። ከዚያ ዝርዝሩን ለጥፉ፣ ከላይ አንድ የርዕስ ረድፍ ጨምሩ፣ በጎኑ ባለው ዓምድ «ሌን» የተባለውን ቀመር አስገብታችሁ የእያንዳንዱን ቃል ርዝመት አስቆጥሩ።

«ዳታ» ውስጥ «ፊልተር»ን ክፈቱ፣ ቀስቷን ተጫኑ፣ «ቴክስት ፊልተርስ» ከዚያም «ኮንቴይንስ» በሉ። መስኮቱ ሁለት ሁኔታ ብቻ ይቀበላል፤ በመካከላቸው ያለው ምርጫ «ኦር» ላይ ከሆነ አንዱ ፊደል ብቻ ያለበት ቃል ሁሉ ይጎርፋል፣ «ኤንድ» ላይ አድርጉት። አምስት ፊደል ለመፈለግ የቃላቱን ዓምድ ሁለት ጊዜ ገልብጣችሁ በሦስቱም ላይ ሁለት፣ ሁለትና አንድ ፊደል አጣሩ። ኮከብና ጥያቄ ምልክቱ እዚህም ይሠራሉ። በመጨረሻ ርዝመቱን አጣሩ።

ኢኔብል ዕድሜው የገፋ ስለሆነ ኪው-አይ እና ዜድ-ኤ የሉበትም፤ በእጃችሁ ጨምሩ። የሚያከራክረው ሌላው ነገር ዝርዝሮቹ መለያየታቸው ነው፦ የኮሊንሱ ወደ 280,000 ቃላት አሉት፣ የሰሜን አሜሪካው ከ190,000 ይበልጣል። ዜድ-ኦ ለንደን ላለ ዘመዳችሁ ቃል ነው፣ ዋሽንግተን ላለው አይደለም። በስልክ ርስ በርስ የምትጫወቱ ከሆነ በየትኛው እንደምትዳኙ የመጀመሪያው ጠጠር ከመጣሉ በፊት ተስማሙ።